የሚሠራውን አፕሊኬሽን ለፖርታል ሲባል አታፍርሱት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በሰሜን ሸዋ ዞን የደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ መተዳደሪያዬ በጃቫ ቋንቋ የድረ ገጽ አፕሊኬሽኖችን መጻፍና መጠገን ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በሥራዬ ላይ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤቶች ተበታትነው የነበሩ አገልግሎቶቻቸውን በአንድ ፖርታል ሥር ለማሰባሰብ ሲነሡ፣ ቀድሞ በብዙ ገንዘብ የተሠራውና ሠራተኛውም ባለጉዳዩም የለመደው አፕሊኬሽን «ከፖርታሉ ጋር አይሄድም» ተብሎ ይጣላል። ያው ሥራ ከሀ ተጀምሮ እንደገና ይጻፋል፤ በቀድሞው ላይ በስንት ድካም የታረመው ስህተትም በአዲሱ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ኪሳራ በአብዛኛው ሊቀር የሚችል መሆኑን ለአንባቢዎቻችሁ፣ በተለይም የጨረታ ሰነድ ለሚያዘጋጁና ሥራውን ለሚረከቡ ኃላፊዎች ማስረዳት እፈልጋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ፖርታሉ ጥቂት ልበል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን የሚመጣ ባለጉዳይ አንዱን ጉዳይ ለመጨረስ ሦስትና አራት ቢሮ ሊያንኳኳ ይችላል። የፖርታል ዓላማ እነዚያን ቢሮዎች በአንድ ገጽ ላይ ማገናኘት ነው፤ ተጠቃሚው አንድ ጊዜ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ማመልከቻውን፣ ክፍያውን፣ ማስታወቂያውንና ቀጠሮውን ጎን ለጎን ያገኛል። በገጹ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ሣጥን ፖርትሌት ይባላል። ፖርትሌት የገጽ ቁራጭ እንጂ ሙሉ ገጽ አይደለም፤ የገጹን ራስጌና ግርጌ የሚጽፈው፣ ማን ምን ማየት እንደሚፈቀድለት የሚወስነው፣ የየሣጥኑንም አድራሻ የሚያዘጋጀው ፖርታሉ ነው። ይህ የሥራ ክፍፍል በመስፈርት የተደነገገ ነው። የመጀመሪያው የፖርትሌት መስፈርት ጄ.ኤስ.አር. 168 (ጄ.ኤስ.አር. የጃቫ መስፈርቶች የሚመዘገቡበት መለያ ነው) በ2003 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛው ጄ.ኤስ.አር. 286 በ2008፣ ሦስተኛው ጄ.ኤስ.አር. 362 በ2017 ወጥተዋል። መስፈርቱን ጠብቆ የተጻፈ ፖርትሌት በላይፍሬይም ሆነ መስፈርቱን በሚያከብር ሌላ ፖርታል ላይ ሊሠራ ይችላል፤ አፓቺ ፕሉቶ የተባለው የመስፈርቱ ማሳያም በነፃ ስለሚገኝ ፕሮግራመሩ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሊሞክረው ይችላል።

በኮምፖኔንት ላይ የተመሠረቱት የጃቫ ማዕቀፎች (አፕሊኬሽን የሚገነባባቸው ዝግጁ የኮድ መሠረቶች)፣ ማለትም ጃቫ ሰርቨር ፌስስ፣ ዊኬት፣ ታፔስትሪ፣ ቫዲንና የመሳሰሉት፣ ገጹን መስመር በመስመር ከመጻፍ ይልቅ የጽሑፍ ሣጥኑን፣ ሠንጠረዡንና ቁልፉን እንደ ሕያው ዕቃ እየቆጠሩ የሚገጣጥሙ ናቸው። ኮምፖኔንቱ የተጻፈበትን ያስታውሳል፣ ሲጫኑት ይሰማል፣ የገባው መረጃ ትክክል መሆኑን ይመረምራል። እንዲህ በክፍል በክፍል የተሠራ ነገር ገጹ ራሱ በክፍል ለተከፈለበት ፖርታል የሚመች ይመስላል፤ በእርግጥም ይመቻል። ችግሩ ግን እነዚህ ማዕቀፎች ሲሠሩ ሙሉው ገጽ፣ ሙሉው አድራሻና ሙሉው ጥያቄ የእነርሱ ብቻ እንደሆነ ታስቦ መሆኑ ነው። ፖርታል ውስጥ ሲገቡ ይህ ግምት ይፈርሳል፤ የሚፈርስበትን ቦታ ያላወቀ ባለሙያ ደግሞ አንድም ሥራው የማይቻል ይመስለዋል፣ አንድም እኔ የሠራሁትን ዓይነት ስህተት ይሠራል።

ያንን ስህተት ሳልሸሽግ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን የባለጉዳዮችን ማመልከቻ የሚመዘግብ፣ በጃቫ ሰርቨር ፌስስ የተጻፈ አፕሊኬሽን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ፖርታል እንድናስገባ ታዘዝን። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ድልድይ መኖሩን ስላላወቅን አፕሊኬሽኑን በራሳችን መንገድ በፖርትሌት ሸፈንነውና በገጹ ላይ አስቀመጥነው። በሙከራ ጊዜ ሥራው ያማረ ነበር። ከማመልከቻው ቅጽ ጎን የእኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ አውሮፓውያኑ የሚቀይር አነስተኛ ፖርትሌት ነበረ፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በሰነዶች ላይ ያሉ ቀኖችን ለማመሳከር ቀኑን ሙሉ ትጠቀምበታለች። ከሳምንት በኋላ ከሞላሌ የመጡ አንድ አዛውንት ውሳኔያቸውን ሊጠይቁ ሲቀርቡ፣ ማመልከቻቸው በአራት የተለያዩ የመዝገብ ቁጥሮች ተመዝግቦ ተገኘ። ሁለቱ ቁጥሮች ለሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ተመርተው ነበር። አዛውንቱ አንዱን ጉዳይ ለምን አራት ጊዜ እንዳመለከቱ ተጠየቁ፤ እርሳቸውም አንድ ጊዜ ብቻ እንደሰጡ ደጋግመው ማሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር።

የሆነው ነገር ይህ ነው። በተራ የድረ ገጽ አፕሊኬሽን አንድ ቁልፍ ሲጫን አንድ ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ ሥራው ይሠራል፣ መልሱም በዚያው ይጻፋል። በፖርታል ግን መስፈርቱ ሁለቱን ይለያያቸዋል። ተጠቃሚው ቁልፍ ሲጫን የተጫነው ፖርትሌት ብቻ የድርጊቱን ደረጃ ያከናውናል፤ ከዚያ በኋላ ፖርታሉ በገጹ ላይ ያሉትን ፖርትሌቶች በሙሉ «ራሳችሁን እንደገና አሳዩ» ይላቸዋል፣ ይህም የማሳያው ደረጃ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ፖርትሌት በተነካ ቁጥር የእኛም ፖርትሌት እንደገና ይታያል። ፖርታሉ ለእያንዳንዱ ፖርትሌት የመጨረሻዎቹን የማሳያ መለኪያዎች አስታውሶ ይይዛል፤ እኛ ደግሞ የቅጹን መረጃ በማሳያው አድራሻ ልከን ምዝገባውን በማሳያው ደረጃ ላይ አድርገነው ነበር። ሠራተኛዋ ቀን ለመቀየር ሦስት ጊዜ ስትጫን የአዛውንቱ ማመልከቻ ሦስት ጊዜ ተጨመረ። በማሳያው ደረጃ ላይ የዳታቤዝ መረጃ መለወጥ የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ የእኛን መስክ ለሚማሩ ወጣቶች ከማንኛውም ነገር በፊት ይህን አንድ ነጥብ ባስጨብጣቸው እወዳለሁ።

ለዚህ ችግር የተበጀው መፍትሔ የፖርትሌት ድልድይ ይባላል። ጃቫ ሰርቨር ፌስስ አንድን ጥያቄ በስድስት ደረጃ ያስተናግዳል፤ የኮምፖኔንቶቹን ዛፍ መልሶ ይተክላል፣ የተላኩትን መረጃዎች ይቀበላል፣ ይመረምራል፣ ወደ ሞዴሉ (መረጃው ወደሚያዝበት የአፕሊኬሽኑ ክፍል) ያሳልፋል፣ የአፕሊኬሽኑን ትእዛዝ ያስፈጽማል፣ በመጨረሻም መልሱን ይጽፋል። ድልድዩ የመጀመሪያዎቹን አምስት በፖርትሌቱ የድርጊት ደረጃ፣ ስድስተኛውን ብቻ በማሳያው ደረጃ እንዲከናወኑ ያደርጋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተትም ይሞላል፤ ድርጊቱና ማሳያው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ በመጀመሪያው ላይ የተቀመጠ ነገር በሁለተኛው ላይ አይገኝም። ድልድይ ከሌለ ባለጉዳዩ ስልክ ቁጥሩን አጉድሎ ሲልክ «የስልክ ቁጥርዎ አልተሟላም» የሚለው መልእክት በመንገድ ላይ ይጠፋና ቅጹ ያለ ምንም ማብራሪያ ተመልሶ ይመጣል። ድልድዩ መልእክቱን አደራ ተቀብሎ ለማሳያው ያደርሳል። ይህም በመስፈርት የተያዘ ነው፤ ጄ.ኤስ.አር. 301 ለመጀመሪያው ፖርትሌት፣ ጄ.ኤስ.አር. 329 ለሁለተኛው፣ ጄ.ኤስ.አር. 378 ለሦስተኛው የተዘጋጁ ናቸው። ከፕሮግራመሩ የሚጠበቀው ፖርትሌት ዶት ኤክስ.ኤም.ኤል. በሚባለው ፋይል ላይ ጄኔሪክ ፌስስ ፖርትሌት የተባለውን ክላስ ማስመዝገብና ለእይታ፣ ለማስተካከያና ለእገዛ ሁነታዎች መነሻ የሚሆኑትን ገጾች መጥቀስ ነው። የቅጾቹ፣ የሠንጠረዦቹና የሕጎቹ ኮድ በነበረበት ይቀጥላል።

በነበረበት ይቀጥላል ስል በሚገባ ለተጻፈው አፕሊኬሽን ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ የተራው የድር ጥያቄ እንደሆነ ቆጥሮ በግድ ወደዚያ ዓይነት የሚቀይር ኮድ በፖርታል ውስጥ ወዲያው ይወድቃል። የሚቀጥለውን ገጽ አድራሻ በእጅ የሚጽፍ ኮድም ተጠቃሚውን ከፖርታሉ አውጥቶ ባዶ ሜዳ ላይ ይጥለዋል፤ በፖርታል ውስጥ አድራሻ የሚያዘጋጀው ፖርታሉ ነውና በማዕቀፉ በኩል መጠየቅ አለበት። እኛ ድልድዩን ካወቅን በኋላ ያን አፕሊኬሽን ስናስተካክል አብዛኛው ጊዜያችን ያለቀው እንዲህ ያሉትን ቦታዎች እየፈለግን በማረም ላይ ነበር። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ሁሉን እንደ አዲስ ከመጻፍ ጋር የሚወዳደር ድካም አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ ሰውን የሚያወናብደው የስም መጋጨት ነው። በከተማችን በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ አብሮ ይኖራል። ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ዳዊት ብለው ሰይመው እንደሆነ አንዷ እናት ከደጅ ሆና ስትጣራ ሁለቱም ልጆች ይሮጣሉ፤ ስለዚህ ጎረቤቱ «የእነ እገሌ ዳዊት» እያለ ይለያቸዋል። ፖርታሉም ለእያንዳንዱ ፖርትሌት የራሱን መለያ ቅጥያ ይሰጣል፤ ድልድዩ ይህን ቅጥያ በኮምፖኔንቶቹ መለያ ስሞች ሁሉ ፊት ስለሚያስገባ አንዱ ፖርትሌት ሁለት ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ ቢቀመጥ እንኳ የአንዱ «ስም» ሣጥን ከሌላው ጋር አይምታታም። ይሁን እንጂ ፕሮግራመሩ በእጁ በጻፈው ጃቫ ስክሪፕት ውስጥ ያለ ቅጥያ የጠቀሰው ስም አይስተካከልም። «ሠንጠረዥ ሁሉ ቢጫ ይሁን» የሚል የቅጥ ትእዛዝም የጎረቤቱን ሠንጠረዥ ጭምር ቢጫ ያደርጋል። ሁለት ፖርትሌቶች ጄኪውሪ የተባለውን የጃቫ ስክሪፕት ቤተ ኮድ በሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ይዘው ሲመጡ ደግሞ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወሰነው በገጹ ላይ በሚጫኑበት ቅደም ተከተል ሲሆን፣ ትናንት ይሠራ የነበረ የቀን መምረጫ ዛሬ አዲስ ፖርትሌት በመጨመሩ ብቻ ዝም ይላል።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ሌላ ለብቻው የሚነገር ነገር አለ። ፊደላችን ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በተባለው የፊደል ኮድ ሲላክ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሰርቨሩ ጽሑፉን በቀድሞው የላቲን አነባበብ ሲያነበው አንዱ ሆሄ ሦስት እንግዳ ምልክቶች ሆኖ በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል። አፕሊኬሽኑ ለብቻው ይሠራ በነበረበት ጊዜ ይህን የሚያስተካክል የሰርቭሌት ማጣሪያ፣ ማለትም ጥያቄው አፕሊኬሽኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ኮድ፣ ይኖረው ይሆናል። በፖርታል ውስጥ ግን ጥያቄውን ቀድሞ የሚቀበለውና መለኪያዎቹን የሚያነበው ፖርታሉ ነው፤ አንዴ ከተነበቡ በኋላ አነባበቡን ለመቀየር መሞከር ዋጋ የለውም። ሁለተኛው የፖርትሌት መስፈርት የራሱን ማጣሪያ ቢያስተዋውቅም እርሱም የሚደርሰው ከፖርታሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ማስተካከያው በፖርታሉና በሥሩ ባለው ሰርቨር ላይ መደረግ አለበት። ቶምካት የተባለው የጃቫ ሰርቨር እስከ 7ኛው ቅጂ ድረስ የአድራሻ መለኪያዎችን በላቲኑ አነባበብ ያነብ የነበረ ሲሆን ከ8ኛው ጀምሮ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 መነሻው ሆኗል፤ የቆየ ሰርቨር ላይ አዲስ ፖርታል የሚተክል ባለሙያ ይህን ካላስተዋለ የሰው ስም ያበላሻል። በእንግሊዝኛ ብቻ ተሞክሮ «ተሠርቷል» የተባለ ሥራ በመጀመሪያው የአማርኛ ማመልከቻ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የአንድ ገበሬ የይዞታ ሰነድ ላይ ስሙ እንዲያ ተበላሽቶ ቢገኝ የሚከተለውን እንግልት የዞናችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ሰርቨሩ አቅምም ማሰብ ይገባል። ኮምፖኔንቶቹ የሚያስታውሱትን የሚይዙት በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ሴሽን (ሰርቨሩ ለተጠቃሚው በሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ውስጥ ነው፤ ሞጃራ የተባለው የጃቫ ሰርቨር ፌስስ አተገባበር ካልተነገረው በቀር ለአንድ ተጠቃሚ እስከ 15 እይታዎችን ይይዛል፤ በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ ያሉ አፕሊኬሽኖች በበዙ ቁጥር ሸክሙ ይደራረባል። ማስታወሻውን በገጹ ውስጥ ደብቆ ወደ ተጠቃሚው መላክ ሌላው አማራጭ ሲሆን፣ ኔትወርክ በሚቀጥንበት ወረዳ በየጭነቱ ያን ያህል መረጃ ማመላለስ ሰውን ያስመርራል። የእኔ ምርጫ በሰርቨሩ ላይ ማስቀመጥና ቁጥሩን መቀነስ ነው። ሁለተኛው መስፈርት ያመጣው የመረጃ መጠየቂያ ደረጃ ከኤጃክስ (ገጹን ሙሉ በሙሉ ሳያድሱ መረጃ ከመጠየቂያው ስልት) ጋር ሲያያዝ የተነካው ፖርትሌት ብቻ ስለሚታደስና ጎረቤቶቹ ስለማይነኩ፣ በቀጭን መስመር ላይ ለሚሠራ ቢሮ ትልቅ እፎይታ ነው። መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ሲነሣ አንዱ ፖርትሌት ስህተት ቢያሳይም የቀሩት ሣጥኖች ሥራቸውን መቀጠላቸውም በእኛ ሁኔታ ቀላል ጥቅም አይደለም።

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ «ለምን ይህን ሁሉ ድካም? አፕሊኬሽኑን እንዳለ በፍሬም፣ ማለትም በገጹ ውስጥ ሌላ ገጽ በሚከፍት መስኮት፣ ውስጥ መክተት ይቻላል» ይላሉ። ይቻላል፤ በአንድ ቀንም ያልቃል። ነገር ግን ፖርታሉ የገባውን ሰው ማንነት ለውስጡ አፕሊኬሽን ስለማያስተላልፍ ባለጉዳዩ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ በስልክ ሲከፈት በመስኮት ውስጥ መስኮት ሆኖ ለመንካትም ለማንበብም ያስቸግራል፤ የደረሰበትን ገጽ አድራሻ ለሌላ ሰው መላክም አይችልም። ሌሎች ደግሞ ፖርትሌት ያረጀ ቴክኖሎጂ ነው ይላሉ። ዛሬ ከባዶ ለሚጀመር ሥራ ፖርትሌት ይመረጥ ብዬ አልከራከርም። በ2020 እ.ኤ.አ. ጃካርታ ኢ.ኢ. 9 በተባለው የጃቫ የሰርቨር መስፈርቶች ስብስብ የጃቫ የድር ክፍሎች ስም በኮድ ውስጥ ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ሲለወጥ ሦስተኛው የፖርትሌት መስፈርት በቀድሞው ስም የተጻፈ ስለነበር፣ ወደ አዲሱ ስም የተሸጋገረ አፕሊኬሽን በዚያው መስፈርት ላይ እንዳለ አይጫንም። ዊኬትም በ1.3 እና በ1.4 ቅጂዎቹ ውስጥ ይዞት የነበረውን የፖርትሌት ድጋፍ ከ1.5 ጀምሮ አውጥቶ ከዋናው ውጭ ላለው ዊኬትስታፍ ለተባለ ተጓዳኝ ፕሮጀክት ትቶታል። ስለዚህ ድልድይ ከመምረጥ በፊት ዛሬ ማን እንደሚንከባከበው መጠየቅ ግድ ነው። ይሁን እንጂ የእኔ ደብዳቤ ስለ ነባሩ ሥራ ነው፤ ዓመታት አገልግሎ ስህተቱ ተለቅሞ ያለቀለት፣ ሕጉም መመሪያውም በውስጡ የተጻፈበት አፕሊኬሽን ስላለው መሥሪያ ቤት ነው።

ለእንዲህ ያለው መሥሪያ ቤት የምጠይቀው፣ የማፍረስ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት አንድ ባለሙያ ለሁለት ሳምንት ተቀምጦ አፕሊኬሽኑን በድልድይ በኩል እንዲሞክረው ነው። በጨረታ ሰነዱም ላይ «ከፖርታል ጋር የሚስማማ» የሚለው ልቅ ቃል ቀርቶ የመስፈርቱ ቁጥር በግልጽ ይጻፍ። በርክክቡ ቀን ኃላፊው ራሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ያንኑ ፖርትሌት በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ አስቀምጦ ሁለቱንም በየተራ ይሙላ፤ ማመልከቻ መዝግቦ ጎረቤቱን ፖርትሌት አምስት ጊዜ ይጫንና መዝገቡ ላይ ስንት ቁጥር እንደተፈጠረ ይቁጠር፤ አንድ አስገዳጅ ሣጥን ባዶ ትቶ ልኮ የስህተቱ መልእክት ተመልሶ መድረሱን ይይ፤ ስሞቹን ሁሉ «ኃይለ ማርያም»፣ «ዓለም ፀሐይ» በሚሉት ዓይነት ፊደላት አስገብቶ ከዳታቤዙ መልሶ ያንብብ። ይህን ለማድረግ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፤ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም። እኛ በዚያ ጊዜ ሁለተኛውን ብቻ አድርገን ቢሆን ኖሮ የሞላሌው አባት ያን ሁሉ መሐላ ባልማሉ ነበር።

በዞናችን ተመሳሳይ ሥራ የያዙ ባልደረቦች ካሉ ያረምናቸውን ቦታዎች ለማሳየት ፈቃደኛ ነኝ። የመዝገብ አፕሊኬሽኑ ዛሬም በድልድዩ በኩል ይሠራል፤ የቀን መቀየሪያውም ከጎኑ እንዳለ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጃቫ ፕሮግራመር፣ ከደብረ ብርሃን